ደመወዝ ስለሚጠብቅና ደመወዝ ስለሚከፍል ሰው

አንባቢ ሆይ፤ ወሩ ሲያልቅ በልብህ ምን ትላለህ? የድካምህ ዋጋ ለቤት ኪራይ፤ ለጤፍና ለልጆችህ ደብተር እንዳልበቃ አይተህ ታዝናለህ። አለቃህ በሰው ፊት እንዳዋረደህ፤ ከሰዓት በላይ ሠርተህም እንዳልተከፈለህ ለባልንጀራህ ትነግረዋለህ። ይህ ኀዘንህ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እንመረምራለን። መጀመሪያ፤ የሠራተኛ ጩኸት በእግዚአብሔር ፊት እንዴት እንደሚታይ፤ ሁለተኛ፤ የተበደለ ሠራተኛ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው፤ ሦስተኛም፤ ደመወዝ ተቀባዩ ራሱ ደመወዝ ከፋይ በሆነ ጊዜ ምን እንደሚጠየቅ ነው።

1ኛ፤ የሠራተኛ ጩኸት ይሰማል

አንዳንድ ሰዎች ስለ ደመወዝ ማነስ መናገር ለክርስቲያን ነውር ነው ይላሉ። መጽሐፍ ግን እንዲህ አያስተምርም። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የድኻው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ታዟል፤ ተስፋው ሁሉ በእርሱ ላይ ነውና። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 5፤ ባለጠጎች ያስቀሩት የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደ ደረሰ ይናገራል። ልብ አድርገህ ተመልከት፤ በዚያ ስፍራ የተወቀሰው ዋጋውን ያስቀረው ባለጠጋ ነው እንጂ የጮኸው ሠራተኛ አይደለም።

ይህም የጥንት ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ተቀጠሩ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ፤ የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደ ነበር አስታወቁ። በዚህ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ መኖር ጭንቅ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ሥራውን እየተዉ ሄዱ። አሠሪዎችም ሠራተኛ አልጸናልንም ብለው አዘኑ። ነገር ግን ሠራተኛውን የማያኖር ሥራ ሠራተኛውን እንዴት ያጸናዋል?

2ኛ፤ የተበደለ ሠራተኛ ምን ያድርግ?

ያዕቆብ ለአጎቱ ለላባ 20 ዓመት አገለገለ። ቀን በሐሩር፤ ሌሊት በቁር ተሠቃየ፤ እንቅልፍም ከዓይኑ ራቀ፤ ደመወዙም ዐሥር ጊዜ ተለዋወጠበት። ይህ ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 31 ተጽፏል። እርሱ ግን ተበድያለሁ ብሎ የላባን መንጋ አልሰረቀም፤ እንዲያውም የጠፋውን ከራሱ ይከፍል ነበር። ዝም ብሎም አልቀረም። ላባ ተከታትሎ በደረሰበት ጊዜ በዘመዶቻቸው ፊት ቆሞ በደሉን አንድ በአንድ ነገረው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፤ በደል በበደል አይመለስም። ደመወዜ ጥቂት ነውና ጉዳይ ካመጣው ሰው እጅ መንሻ ብቀበል ምን ነውር አለው የሚል ጸሐፊ፤ የአሠሪውን ዕዳ ከድኻው ባለጉዳይ ያስከፍላል። ሁለተኛው፤ እውነትን በግልጥ መናገር ዓመፅ አይደለም።

በአገራችንም ለዚህ የሚረዳ ሕግ ወጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፤ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፤ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚያ በላይ ቀን የሠራ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፤ ሌሊት የሠራ በ1.75፤ በሳምንት ዕረፍቱ ቀን የሠራ በ2፤ በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ በ2.5 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ። ነገር ግን ይህን ገንዘብ ሳይጠይቅ 6 ወር ያሳለፈ ሰው መብቱ በይርጋ ይታገድበታል። ስለዚህ የሠራህበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ጻፍ። በመጀመሪያ ለአሠሪህ በትሕትና አስታውቅ፤ እንቢ ቢልህም ከባልንጀሮችህ ጋር ተማክረህ ወደ ሠራተኛ ማኅበር ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሂድ።

የደመወዝ ዝቅተኛ ልክ ግን በዚህ አዋጅ በቁጥር አልተጻፈም፤ ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ታዘዘ እንጂ። ሕግ ልኩን ሳይናገር በቀረበት ስፍራ ዳኛው የአሠሪው ኅሊና ነው። እንግዲህ ወደ ኅሊናችን እንመለስ።

3ኛ፤ አንተስ አሠሪ አይደለህምን?

ወዳጄ ሆይ፤ እስካሁን ያነበብኸው ደስ አሰኝቶህ ይሆናል፤ ስለ ሌላ ሰው በደል ተናግረናልና። አሁን ግን ከመሥሪያ ቤትህ ወደ መኖሪያ ቤትህ እንሂድ። ማታ ደክመህ ስትመለስ በሩን የምትከፍትልህ ማን ናት? ከአንተ በፊት ተነሥታ ቁርስህን ያዘጋጀች፤ ከአንተም በኋላ የምትተኛ የቤት ሠራተኛህ አይደለችምን? የእርስዋ 8 ሰዓት መቼ ጀምሮ መቼ ያልቃል?

ስለዚህ ነገር ምሳሌ ስማ። አንድ ጸሐፊ የሦስት ወር የትርፍ ሰዓት ዋጋ ቀርቶበት ነበርና አለቃውን ሄዶ ጠየቀው። አለቃውም፤ «ለእኔስ መች በጀት ተፈቀደልኝ? ደግሞ ባለፈው ያበላሸኸው ወረቀት ይታሰባል» ብሎ መለሰው። ጸሐፊው እየተቃጠለ ወደ ቤቱ ገባ። ሠራተኛይቱም እጅዋን አጣምራ ቆማ፤ «ጋሼ፤ እናቴ ታማብኛለች፤ እርስዎ ዘንድ ያስቀመጥሁትን የአምስት ወር ደመወዜን ይስጡኝ» አለችው። እርሱም፤ «ለእኔስ መች ተከፈለኝ? ደግሞ የሰበርሽው ብርጭቆ ይታሰባል» አላት። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ የአለቃውን ቃል ከገዛ አፉ ሰማው። በዚያች ሌሊት አልተኛም። ገንዘቡ በእጁ አልነበረም፤ በልቶት ነበርና። በነጋም ጊዜ ሰዓቱን ሸጦ ዋጋዋን ሳያጎድል ሰጣት፤ ወደ እናትዋም ሸኛት። ለአለቃው የሚጽፈውን አቤቱታም የጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላል የአገራችን ተረት። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18፤ እልፍ መክሊት ተትቶለት ሳለ ባልንጀራውን ስለ 100 ዲናር አንቆ ስለያዘ ባሪያ ተናግሯል። ከላይ ምሕረት የሚለምን ወደ ታች ምሕረት ቢከለክል ልመናው ምን ይሆናል?

ከላይ የነገርንህ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አልጨመረም፤ ስለ እርስዋ ሌላ ደንብ እንዲወጣ ብቻ አለ። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፤ አሠሪ በቤቱ የምታድረውን ሠራተኛ ማደሪያዋንና ምግብዋን፤ የሥራዋንና የዕረፍትዋን ጊዜ አስቦ ጤንነትዋን እንዲጠብቅ ያዝዘዋል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2003 ዓ.ም. በጄኔቫ ባጸደቀው በ189ኛው ስምምነት፤ የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይቋረጥ እንድታርፍ፤ ደመወዝዋም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲከፈላት ጻፈ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጻድቁ ኢዮብ የሎሌውንና የገረዱን ክርክር እንዳልናቀ በመጽሐፉ በምዕራፍ 31 ተናግሯል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፤ እርሱን በማኅፀን የፈጠረ እነርሱንም እንደ ፈጠረ አስታወሰ። እንግዲህ ሠራተኛህ ልትከራከርህ መብት አላት፤ አንተም ልትሰማት ዕዳ አለብህ።

ራስህን የምትመረምርበት ጥያቄ

1. የቤት ሠራተኛህን ደመወዝ በተቀጠረው ቀን ትሰጣታለህን? ወይስ የአንተ እስኪደርስ ታስጠብቃታለህ?

2. በአደራ ያስቀመጠችው ገንዘብ ዛሬ ብትጠይቅህ በእጅህ ይገኛልን?

3. ስትቀጠር የማታ ትምህርት ትማሪያለሽ ብለሃት እንደ ሆነ ሰዓቱን ሰጥተሃታልን?

4. በስምዋ ትጠራታለህን? ከምትበላው ትበላለችን? በታመመች ጊዜስ ታሳክማታለህን ወይስ ወደ ደላላው ትመልሳታለህ?

5. ዕቃ በጠፋ ጊዜ ሳትመረምር ሌባ ብለሃት ታውቃለህን? ደመወዝዋንስ በዚህ ምክንያት አስቀርተሃልን?

አንቺም እኅቴ፤ የቤቱ እመቤት ሆነሽ የምታዥው አንቺ ነሽና ይህ ጥያቄ ለአንቺም ነው። ተማሪም ሆይ፤ ገና ደመወዝ አልከፍልም አትበል። የወላጆችህን ሠራተኛ በምን ቃል እንደምትጠራ ዛሬ የምትለምደው፤ ነገ በሹመት ወንበር የምታደርገው ነው።

ወዳጄ ሆይ፤ አሠሪህ ለአንተ ጻድቅ እስኪሆን ድረስ አትጠብቅ። የእርሱ እጅ በእጅህ አይደለም፤ የአንተ እጅ ግን በእጅህ ነው። የምትለምነውን ፍርድ አስቀድመህ በቤትህ ፍረድ። ያን ጊዜ በአሠሪህ ፊት ስትቆም ቃልህ ይጸናል፤ በእግዚአብሔርም ፊት የሚጮኽብህ ደመወዝ አይኖርም። ይህን ካነበብህ በኋላ ሳትተኛ የዕዳህን ልክ ቍጠር፤ ነገም ፀሐይ ሳትገባ ክፈል።