ፊደል ከመቁጠር ወደ ማንበብ
የአንደኛ ክፍል ሕፃናት በዚህ ወቅት ምን ይማራሉ? ወላጆችስ በምን ያግዟቸው?



በመስከረም ወር የወላጆቻቸውን እጅ ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ የትምህርት ቤትን ደጃፍ የረገጡት ሕፃናት እነሆ ወደ ታኅሣሥ ደርሰዋል። ማለዳ በመካኒሳ አቦ መንገድ ዳር የቆመ ሰው፣ ቦርሳቸው ከጀርባቸው የሚሰፋ ትንንሽ ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ሲጣደፉ ያያል። በግእዝ ሥርዓት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ተብለው በሚጠሩት ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን የጌታችንን ልደት ለመቀበል በምትዘጋጅበት በዚህ ወቅት፣ እነዚህ ሕፃናትም በበኩላቸው አንድ ታላቅ ድልድይ በመሻገር ላይ ናቸው። ይኸውም ፊደልን በቃል ከማዜም ተነሥቶ ቃልን በዓይን ወደ ማንበብ የሚወስደው ድልድይ ነው።

ይህን ድልድይ በደኅና የተሻገረ ልጅ የቀረው ትምህርት ሁሉ ይከፈትለታል። በመካከል የቀረ ልጅ ግን ከጓደኞቹ ጋር እየተቀመጠ፣ ክፍል እየቆጠረና ደብተር እየሞላ ብዙ ዓመት ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሕፃናቱ በክፍል ውስጥ ምን እንደሚማሩና እኛ ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ምን ልናግዛቸው እንደምንችል እንመለከታለን።

1. በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት

የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ሥዕልና ሙዚቃ እንዲሁም የሰውነት ማጎልመሻ ይማራል። ሆኖም የአማርኛው ክፍለ ጊዜ የሌሎቹ ሁሉ በር ነው። የሒሳቡን ጥያቄ ማንበብ የማይችል ልጅ፣ ቁጥር መደመርን ቢያውቅ እንኳ ምን እንደተጠየቀ አይረዳም።

የአማርኛ ፊደል 33 ዘሮች አሉት። እያንዳንዱ ዘር ሰባት ድምፆች ስላሉት በጠቅላላው 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏ እና ሟ ያሉት ዲቃላ ፊደላት ደግሞ ከዚህ በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በሕፃን ጭንቅላት ላይ መጫን ከባድ ነው። በመሆኑም በአሁኑ ዘመን የሚዘጋጁት የማስተማሪያ መጻሕፍት ጥቂት ፊደላትን እያስቀደሙ፣ በእነርሱም ወዲያው ቃላት እያስመሠረቱ ይሄዳሉ። የለ እና የበ ዘሮችን ያወቀ ሕፃን ሌላውን ሳይጠብቅ «ልብ»፣ «ላብ»፣ «ባል» የሚሉትን ቃላት ማንበብ ይችላል። ፊደል ትርጉም እንደሚሸከም የሚገባውም በዚህ ጊዜ ነው።

የመካኒሳ ልጅ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። የሰፈሩ መጠሪያ «አቦ» የሁለት ፊደላት ቃል ነው፤ አንደኛው አ ሲሆን ሁለተኛው የበ ሰባተኛ ድምፅ ቦ ነው። ይህ ስም ሕዝቡ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በፍቅር የሚጠራበት መሆኑንና ወር በገባ በአምስተኛው ቀን እንደሚታሰቡ ልጁ ፊደል ሳያውቅ ጀምሮ ሰምቷል። የታክሲ ረዳት «ጀሞ! ጀሞ!» እያለ ሲጠራ፣ «ቄራ» ሲል ልጁ በየቀኑ ያዳምጣል። እነዚህም ሁለት ሁለት ፊደላት ናቸው። በጆሮው የሚያውቀውን ቃል አንድ ቀን በታክሲው ታፔላ ላይ በዓይኑ ሲያገኘው የሚሰማው ደስታ፣ መምህሩ ብቻውን ሊሰጠው የማይችለው ነው።

2. የቀደሙት መምህራን ጥበብ

በሀገራችን ማንበብን ለሕፃናት ማስተማር የተጀመረው በዘመናዊ ትምህርት ቤት አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት የኔታ ልጆቹን በዙሪያቸው አስቀምጠው፣ እያንዳንዱ ልጅ በስንጥር ፊደሉን እየጠቆመ ያስቆጥሩ ነበር። «ፊደል ቆጠረ» የሚለው አነጋገራችን የመጣው ከዚህ ነው።

ልጁ በመጀመሪያ ሀሁን ከግራ ወደ ቀኝ በዜማ ይዘልቃል። ነገር ግን ዜማው ራሱ ስለሚስበው፣ ዓይኑ ከፊደሉ ላይ ቢነሣም ምላሱ አይቆምም። ከሀሁ ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ለዚህ መድኃኒት ነው። በአቡጊዳ የፊደላቱ ተራ ይለወጣል፤ አንደኛው ፊደል በአንደኛው ድምፅ፣ ሁለተኛው ፊደል በሁለተኛው ድምፅ፣ ሦስተኛው በሦስተኛው እያለ በአግድም የተለመደውን ዜማ ያፈርሰዋል። በዚህን ጊዜ ልጁ ፊደሉን አይቶ ካልለየው በቀር በልማድ ሊያልፈው አይችልም።

ከአቡጊዳ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል። ይህም ከሐዋርያው ዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት የሚነበብ ሲሆን፣ ልጁ ፊደላትን እየነጠለ ከመቁጠር ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ውርድ ንባብና ወደ ቁም ንባብ ያድግበታል። በመጨረሻም ዳዊት ደጋሚ ይሆናል። ሐዋርያው መልእክቱን የሚጀምረው በጆሮ ስለ ተሰማው፣ በዓይን ስለ ታየውና በእጅ ስለ ተዳሰሰው የሕይወት ቃል በመናገር ነው። የንባብ ተማሪም በዚሁ ቅደም ተከተል ይጓዛል፤ በመጀመሪያ ድምፁን ይሰማል፣ ቀጥሎ መልኩን ያያል፣ ከዚያም በእጁ ይጽፈዋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ንባቡ ይጎድላል።

3. በቃል ማንበብ የሚባለው ወጥመድ

አንዲት እናት ማታ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ «እስኪ የዛሬውን አንብቢልኝ» ትላታለች። ልጅቱም አንድ ገጽ ሙሉ ሳትደናቀፍ ትወጣዋለች። እናት ተደስታ ትባርካታለች። በማግሥቱ ግን ከዚያው ገጽ መካከል አንዲት ቃል ነጥላ በጣቷ ብታሳያት ልጅቱ ዝም ትላለች፤ ወይም ከገጹ መጀመሪያ ተነሥታ በልቧ እያነበነበች እስከዚያች ቃል ለመድረስ ትሞክራለች። ልጅቱ አላታለለችም፤ መምህሯ ሲሉ የሰማችውን በታማኝነት ይዛለች። ነገር ግን ያነበበችው በጆሮዋ እንጂ በዓይኗ አይደለም።

ይህ የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የሀገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከመቶ 34 ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በአዲስ አበባ ውጤቱ የተሻለ ቢሆንም፣ ምዘናው መምህራንንና ባለሥልጣናትን አስደንግጧል፤ ከዚያ በኋላም የንባብ ማስተማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል። ሁለት ዓመት በክፍል የተቀመጠ ልጅ አንዲት ቃል አላነበበም ማለት፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ማንም ለብቻው አላዳመጠውም ማለት ነው።

እንግዲህ በቃል መያዝን እንንቀፍን? አይደለም። ልጆቻችን አቡነ ዘበሰማያትን የሚያውቁት ከማንበባቸው በፊት በቃላቸው ነው፤ መልካምም ነው። ቃል ትዝታን ያጸናል፣ ጸሎትንም ወደ ልብ ያስገባል። ሆኖም በቃል የያዘ ሰው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ሲሆን፣ ማንበብ የቻለ ግን ያልተነገረውንም ፈልጎ ያገኛል።

የአማርኛ ንባብ ሌላም ነገር ይጠይቃል። ፊደላችን ላልቶና ጠብቆ የሚነበበውን በምልክት አይለይም። «ገና» የሚለው ቃል ናው ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ግን ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል የሚል ትርጉም አለው። ስለሆነም «ገና ደረሰ» እና «ገና አልደረሰም» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በትክክል ለማንበብ ልጁ ፊደሉን ከማወቅ አልፎ ነገሩን መረዳት ይኖርበታል። በቋንቋችን ማስተዋል ከንባብ በኋላ የሚመጣ ብቻ ሳይሆን የንባቡ ረዳት ጭምር ነው።

4. ልጅ በሚገባው ቋንቋ ይማር

ይህ እውነት በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በፈረንሳይ ሀገር በ17ኛው ምእተ ዓመት ሕፃናት ማንበብን የሚጀምሩት በላቲን ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ ደ ላ ሳል የድኾችን ልጆች ሰብስቦ ማስተማር በጀመረ ጊዜ ግን፣ በቤታቸው በሚናገሩት በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ አደረገ፤ የማይገባውን ቋንቋ የሚያነብ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሥራ ሲሄድ ምንም ይዞ እንደማይሄድ ተመልክቷልና። በ1950 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ብለው ሰይመውታል።

ወደ ሀገራችን በ1839 እ.ኤ.አ. የመጣው ቅዱስ ዩስጢኖስ ዘያዕቆብም ከማስተማሩ በፊት የሕዝቡን ቋንቋዎች ተምሯል። በመንግሥት በኩል ደግሞ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል። በ2015 ዓ.ም. መተግበር የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም ይህን መሠረት አልለቀቀም።

በአዲስ አበባ እንደ መካኒሳ ባለ ሰፈር ግን አማርኛ ለሁሉም ልጅ የቤት ቋንቋ አይደለም። በቤቱ ኦሮምኛ፣ ጉራጌኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ከእኩዮቹ ቢዘገይ ስንፍና አይባልም፤ እርሱ ፊደልንና ቋንቋን በአንድ ጊዜ እየተማረ ነውና። ወላጆችም የቤታቸውን ቋንቋ ከልጁ ሊከለክሉ አይገባም። በእናቱ ቋንቋ ብዙ ተረት የሰማ ልጅ፣ ተረት ምን እንደሆነ አውቆ ወደ መጽሐፉ ይመጣል።

5. ለወላጆች የሚሆን ተግባራዊ ምክር

ሀ/ በየማታው ዐሥር ደቂቃ ለልጁ ብቻ ይሰጥ። ቴሌቪዥኑና ስልኩ ይቁሙ። በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ከማስጠናት በየቀኑ ጥቂት ማዳመጥ ይበልጣል።

ለ/ ልጁ ገጹን ካነበበ በኋላ ከመካከሉ አንዲት ቃል እየነጠላችሁ «ይህችስ?» በሉት። ወይም ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉና ከመጽሐፉ ውጭ አሳዩት። ይህ የቤታችሁ አቡጊዳ ነው።

ሐ/ በመንገድ ስትሄዱ የሱቁን ጽሑፍ፣ የዳቦ ቤቱን ስም፣ የታክሲውን ታፔላ አስነብቡት።

መ/ ካነበበ በኋላ «ምን ሆነ? ለምን ሄደ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። መመለስ ካልቻለ አብራችሁ እንደገና አንብቡት።

ሠ/ ሲሳሳት አትቆጡት፤ ከሌላ ልጅም ጋር አታወዳድሩት። ፈርቶ የሚያነብ ልጅ በቃሉ ወደ መያዝ ይሸሻል።

ረ/ ማንበብ ያልተማራችሁ ወላጆች «እኛማ ምን እናግዛለን» አትበሉ። ልጁ ያነብላችሁ፤ እናንተም ስለ ታሪኩ ጠይቁት። ያዳመጠ ሁሉ አስተምሯል። ታላላቅ ልጆች ካሉም ታናሹን ይርዱ።

6. በመንገድ ላይ ያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፣ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ የነበረ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ ሲያነብ ሰማውና የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው ታላቅ ባለሥልጣን ሲሆን አላፈረም፤ የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊገባው እንደሚችል ተናግሮ ፊልጶስን አጠገቡ አስቀመጠው። ፊልጶስም ከዚያው ምንባብ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ አስተማረው።

ፊልጶስ ያደረገውን ልብ እንበል። ሮጦ ደረሰበት፣ አዳመጠው፣ ጠየቀው፣ አጠገቡ ተቀመጠ። ከእነዚህ መካከል አንዱም ከአባትና ከእናት ዐቅም በላይ አይደለም። በቤታችን ትንሿ አንባቢ መጽሐፏን ይዛ ስትመጣ ሠረገላው በደጃችን እያለፈ ነው። ዛሬ «አቦ» የምትለውን ቃል የምትነጥል ሕፃን፣ ነገ በመቅደስ ቆማ መልእክት ታነባለች፤ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ውልና ደብዳቤ ሰው ሳታስቸግር ታነባለች፤ ማታም ብቻዋን ወንጌልን ትከፍታለች።

ስለዚህ በዚህ የዝግጅት ወቅት ለልጆቻችን የገናን ልብስና ጫማ ስናስብ፣ በየማታው ዐሥር ደቂቃም እንጨምርላቸው።

ለቤተሰብና ለማኅበር ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ያለው ተማሪ ባለፈው ሳምንት ሲያነብ ለብቻው ያዳመጠው ማነው?
2. ልጃችን የሚያነበው በዓይኑ ነው ወይስ በቃሉ? በምን አረጋገጥን?
3. በቁምስናችን ማታ የሚያዳምጣቸው የሌላቸው ሕፃናት አሉን? ማንበብ የሚችሉ ወጣቶቻችን እንዴት ሊረዷቸው ይችላሉ?