ውሃ እምቢ ያለ ውሻ

የዛሬው ንባባችን ስለ ውሻና ስለ ውሃ ነው። «ለውሻ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሩ ከውሻው አልፎ ወደ ልጆቻችን ይመጣል።

በጅማ ዙሪያ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በማናና በጌራ የውሻን ሥራ የማያውቅ ገበሬ የለም። ቀን ዝንጀሮን ከበቆሎው ያባርራል። ሌሊት ከርከሮና ጃርት ያስደነግጣል። ቡና ሲለቀምና አልጋ ላይ ሲሰጣ ደግሞ ሌባ ይጠብቃል። ያ ወቅት ዝናቡ የሚያልፍበት፣ ፀሐዩ የሚበረታበት ነው። ውሻ እንደ እኛ ገላው ሁሉ አያልበውም። ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው የሚቀዘቅዘው። ባለከለከ ቁጥር ከገላው ውሃ ይወጣል።

ታዲያ ስንት ይጠጣ? 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ወደ 1 ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልገዋል። ቡችሎች የምታጠባ እናት ግን የዚህን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ ትፈልጋለች። ውሃ ያነሰው ውሻ ይታወቃል። የጀርባውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ቶሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደኅና ነው። እንደ ተጨማደደ ከቆየ ውሃ አንሶታል። ድዱ ይደርቃል፤ ዓይኑም ወደ ውስጥ ይገባል።

ውሻ ውሃ እምቢ ሲል መጀመሪያ ውሃውን እንመርምር። በኛ አካባቢ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ብዙ ነው። ቀዩ ቡና ከተፈለፈለ በኋላ በፍሬው ላይ የሚቀረው ልጋግ እንዲለቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ልጋጉ ይቦካል፤ ውሃውም ይኮመጥጣል። ይህ ውሃ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ወንዙ ይጠቁራል፤ ይሸታልም። በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ስለሚጨርሰው ዓሣ እንኳ አይኖርበትም። የውሻ አፍንጫ ከኛ አፍንጫ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከዚያ ወንዝ የተቀዳ ውሃ ሲቀርብለት ፊቱን ቢያዞር ጥጋብ አይደለም፤ ልክ ነው። ከጣቢያው በላይ ካለው ወንዝ ወይም ከምንጭ ቅዱለት። እኛም ብንሆን ያንን ውሃ ባንጠጣ ነው የሚሻለን።

ቀጥሎ ዕቃው ነው። ስባሪ ገንቦም ሆነ አሮጌ ድስት ይበቃል፤ ግን በየቀኑ ይታጠብ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ውሻው ከታሰረ ገመዱ እንዳይደፋበት ዕቃውን በድንጋይ ደገፍ አድርጉት። ቡና አልጋው ዘንድ የሚያድር ውሻ እዚያው ሌላ ዕቃ ያስፈልገዋል። ጥበቃውን ትቶ ውሃ ፍለጋ ይሂድ እንዴ? ዕቃው ከሰው ዕቃ የተለየ መሆን እንዳለበት፣ የተጠማን እንስሳ ማጠጣትም ምንዳ እንዳለው ለጅማ ሽማግሌዎች እኔ አልነግራቸውም፤ እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ።

ውሃ ብቻውን የማይወድ ውሻም አለ። ለሱ ቂጣውን ወይም ንፍሮውን በውሃ አርሱለት፤ ወይም ውሃው ላይ ትንሽ አጓት ጠብ አድርጉበት። ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት ያለበት መረቅ አይሆንም። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የቡና አተላም አትስጡት። ለኛ የሚያነቃን ቡና ለውሻ መርዝ ነው፤ ልቡን ያስደልቀዋል፣ ሲበዛም ይገድለዋል። ውሃ በግድ አፉ ውስጥ ማንቆርቆርም ክፉ ነው፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ውሻው ጠምቶት እያየ መጠጣት የሚያቅተውስ? ከኩሬ ሲጠጣ አልቅት አፉ ውስጥ ገብቶበት ይሆናል። አጥንትም ጥርሱ መካከል ተሰክቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ቁሙ! አፉን ለመክፈት እጃችሁን አትስደዱ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ሲጀምር ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም። በሽታው አንጎልን ይይዛል፤ የጉሮሮና የመንጋጋ ጅማት ሽባ ይሆናል። ውሻው አፉን ከፍቶ ለሃጩን ያዝረከርካል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ድምፁ ይጎረንናል። የሚያየው ሰው «አጥንት ተሰክቶበት ነው» ይላል። አዝኖለት እጁን ያስገባል። በሽታው ያለው በለሃጩ ነው። እጅ ላይ ትንሽ ጭረት ካለች ያ ይበቃል፤ መነከስ እንኳ አያስፈልግም።

በአጋሮ በኩል አንድ አባት «ልጄ፣ ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል ይባላል። ከጠጣ አላበደም ማለት ነው አይደል?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም አባቴ። ውሃ መፍራት የሚታየው በሽታው በያዘው ሰው ላይ ነው። ያበደ ውሻ ውሃ አይፈራም፤ ወንዝም ይሻገራል፤ ጉሮሮው እስኪዘጋ ድረስ ሊጠጣም ይችላል። ስለዚህ በውሃ ብቻ አትፍረዱ። ጠባዩ ተለወጠ ወይ? ጨለማ ይፈልጋል ወይ? እንጨትና ድንጋይ ያኝካል ወይ? ጌታውን አላውቅም አለ ወይ? እንዲህ ከሆነ ልጆችን አርቁ፤ ከተቻለ ሳትነኩት በር ዘግታችሁ ያዙት፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ላምና አህያም በውሻ ተነክሰው ይያዛሉ። አረፋ የምትደፍቅ ላም አፍ ውስጥም እጅ አይገባም።

ሰው ከተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ካረፈ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ አታሳጥሩት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ደርቋል ብሎ መተው አይገባም። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል። ከተነሣ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሥር ቀጥቅጦ መጠጣትም አያድንም፤ ክትባት የሚወሰድበትን ጊዜ ይበላል እንጂ።

ክትባቱ የተገኘው በ1877 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ያበደ ውሻ የነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አዳነ። በኛም አገር በ1895 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ ብርቱ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደ ነበር ታሪክ ያወሳል። በአዲስ አበባ «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያው ሰው ስም ከተቋቋመው ተቋም ነው። ቀድሞ ክትባቱ ለብዙ ቀን ሆድ ላይ ይወጋ ስለ ነበር ሰው ይሸሸው ነበር። አዲሱ ዓይነት ክንድ ላይ ነው፤ ቀጠሮውም ጥቂት ነው። ለውሻውም ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ በየዓመቱ የሚወጋ ክትባት አለ። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ከ10ሩ 4ቱ ልጆች ናቸው።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። የውሻችሁን ስምና የተከተበበትን ቀን ጻፉ። ውሃ እምቢ ካለም እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ጥቅምት 5 ቀን። ውሻው ውሃ አልጠጣም። ቂጣ በላ።
ጥቅምት 6 ቀን። ከምንጭ ተቀዳለት። ጠጣ።»

ሐኪም ሲመጣ ይህን ጽሑፍ ይጠይቃል። ሰው የነከሰ ውሻ ደግሞ ታስሮ ወይም ተዘግቶበት 10 ቀን ይታያል። 10ሩን ቀን በጤና ከጨረሰ በነከሰበት ቀን በሽታው በለሃጩ አልነበረም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ክትባቱን ለመጀመር 10 ቀን አይጠብቅም። ደግሞ ውሻው ቢሞት ራሱን በዱላ አታፍርሱ፤ በሽታው የሚመረመረው በአንጎሉ ነው።

የሒሳብ ጥያቄ፦ ኅዳር 25 ቀን ሰው የነከሰ ውሻ እስከ ስንት ቀን ይጠበቃል? ወሩ 30 ቀን መሆኑን አትርሱ።