ልጅ ከወላጁ የሚወርሰውና ከአፈር የሚያገኘው

ባለፈው ሳምንት በኦቶና የማታ ክፍላችን «ዘር» የሚለውን ቃል እያነበብን ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር እህታችን ቃሉን ካነበበች በኋላ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የባለቤቴ እናት እግራቸው ያበጠ ነው። ሰው ሁሉ በሽታው የዘር ነው ይላል። ይኼ በሆዴ ያለው ልጅ እግሩ አብጦ ሊወለድ ነው እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ብዙዎቻችሁ ቤት ያለ ጥያቄ ስለሆነ ነው። እኔም አንብቤ እንድመለስ ቀጠሮ ጠየቅኋት። የዛሬው ትምህርት መልሱ ነው።

አጭሩ መልስ፦ አይደለም፤ እግሩ አብጦ አይወለድም። ለምን እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ጀምረን እንየው።

ሰው የሚጀመረው ከሁለት ነገር ነው፤ ከእናት እንቁላልና ከአባት ዘር። የእናት እንቁላል ከጤፍ ቅንጣት እንኳ በብዙ ታንሳለች። የአባት ዘር ደግሞ ከእሷም ያነሰ ነው፤ በዓይን አይታይም። ሁለቱ ሲገናኙ ጽንስ ይሆናል። በእንቁላሏ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ 23 ቀጫጭን ክሮች አሉ። በአባት ዘርም ውስጥ 23 አሉ። ተደምረው 46 ይሆናሉ። በእነዚህ ክሮች ላይ ዘረመል የሚባሉ ትእዛዞች ተጽፈዋል። የሰው ዘረመል ወደ 20 ሺህ ገደማ ነው። እናንተ ፊደል ለይታችሁ ቃል እንደምታነቡ ሁሉ፣ አካላችንም እነዚህን ትእዛዞች እያነበበ ዓይን ይሠራል፣ ጸጉር ይሠራል፣ ቁመት ይወስናል።

እንሰት የምትተክሉ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ከአንድ አሚቾ ብዙ ችግኝ ይወጣል፤ ሁሉም ያችኑ እናት እንሰት ነው የሚመስለው። ሰው ግን እንደ እንሰት አይደለም። እያንዳንዱ ወላጅ ከያዘው ዘረመል ግማሹን ብቻ ነው የሚሰጠው። የትኛው ግማሽ እንደሚደርስ ደግሞ እንደ ዕጣ ነው። ስለዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆች አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዷ አያቷን መሳይ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ወንድ ወይም ሴት መሆንን የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ክሮሞዞም ነው። እናት ሁልጊዜ ኤክስ የሚባለውን ትሰጣለች። አባት ኤክስ ከሰጠ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ ይወለዳል። አባትም ቢሆን መርጦ አይሰጥም። እንግዲህ «ሴት ብቻ ነው የምትወልደው» ተብላ የተፈታች ሴት ካለች፣ ያለ ጥፋቷ ተፈረደባት ማለት ነው።

ወደ ጽንሱ እንመለስ። በአራተኛው ሳምንት ልብ መምታት ይጀምራል። በዚያው ሰሞን የአንጎልና የጀርባ አጥንት ሥር ተጣጥፎ ይዘጋል። በደንብ ካልተዘጋ ሕፃኑ ጀርባው ክፍት ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እናትየዋ ማርገዟን ገና ሳታውቅ ነው። ለዚህ ነው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ኪኒን ከእርግዝና በፊት ቢጀመር የሚሻለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። እግር የሚሠራው በሁለተኛው ወር ነው። መጀመሪያ እንደ እንቡጥ ይወጣል፤ ወሩ ሲያልቅ ጣቶቹ ይለያያሉ። በአራተኛውና በአምስተኛው ወር እናት ሲራገጥ ይሰማታል።

ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ምግብና አየር የሚያገኘው በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። የእናትና የልጅ ደም ጎን ለጎን ያልፋል እንጂ እንደ ሁለት ወንዝ አይቀላቀልም። ስለዚህ በእናት እግር ላይ ያለ እብጠት ተሻግሮ የሕፃኑን እግር አያሳብጠውም። አያቱ ዘንድ ያለውማ ጭራሽ አይደርስበትም። እግሩ አብጦ የተወለደ ሕፃን ካያችሁ ያ ሌላ ሕመም ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ስለ መውለድ ሰፊ ትምህርት ሌላ ጊዜ እንጽፋለን፤ አሁን ዋና ዋናውን ብቻ ልበል። ከመጨረሻው የወር አበባ ሲቆጠር 40 ሳምንት ገደማ ሲሞላ ምጥ ይመጣል። በጤና ጣቢያ መውለድ የሚሻለው ምጡ ስለሚከብድ ብቻ አይደለም። ከወለዱ በኋላ የሚፈሰው ደም ካልቆመ እናትን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ስለሚችል ነው። ምጡ ከ12 ሰዓት ካለፈ አትጠብቁ። ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ እኛ ዛሬም ኦቶና የምንለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አጠገባችን ነው። እትብት በአዲስ ምላጭ ይቆረጥ፤ ቅቤም እበትም አይቀባ። እንገሩን አትድፉት፤ በመጀመሪያው ሰዓት ሕፃኑ ይጥባው።

ታዲያ ልጁ ጤነኛ እግር ይዞ ከተወለደ፣ ዝሆኔው ከየት ይመጣል?

ከአፈር ነው የሚመጣው። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን ይህን በሽታ ሲያጠኑ፣ በደጋና በወይና ደጋ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን እንደሚይዝ አሳዩ። በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በዓይን የማይታይ የአፈር ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባል። ከዚያ በቆዳ ሥር ያሉትን የፈሳሽ መተላለፊያዎች ያቆስላል፣ ይዘጋልም። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ያብጣል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ዓመታት ይፈጃል። የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ትል አያመጣውም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት አያስይዝም። እርግማንም አይደለም።

ወላይታ ቀይ አፈር በዝቶባታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣ ጥናት በዞኑ ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆኑት እንደታመሙ ጽፏል። ትንሽ አይደለም።

«ታዲያ ሁላችንም በባዶ እግራችን አድገን ለምን አንዳንዱን ብቻ ያዘው?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘረመል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ዶክተር ፋሲል ተኮላና ጓደኞቻቸው ከደቡብ ኢትዮጵያ የ194 ሕመምተኞችንና የ203 ጤነኞችን ዘረመል አወዳድረው ነበር። አካል ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚለይባቸው ዘረመሎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት እንዳላቸው አገኙ። አንዳንድ ሰው የአፈሩ ብናኝ ሲገባበት ሰውነቱ አጥብቆ ይቆጣል፤ ሌላው ያን ያህል አይቆጣም።

ስለዚህ «የዘር ነው» የሚለው ሰው ግማሹን ልክ ነው። የሚወረሰው ግን በሽታው አይደለም፤ ለአፈሩ ስስ መሆን ነው። እሱም ቢሆን ለሁሉም ልጅ አይደርስም። የደረሰውም ሰው እግሩን ከአፈር ከጠበቀ ሳይታመም ሊኖር ይችላል። «ቤታቸው ዝሆኔ አለ» ብሎ የልጅ ጋብቻ የሚያፈርስ ሰው፣ ጋብቻውን ከሚያፈርስ ይልቅ ለሙሽሮቹ ጫማ ቢገዛ ይሻለው ነበር። እኔ እንዲህ ነው የማስበው።

ስለ ጫማ እንነጋገር። ብዙዎቻችን ጫማ የምናደርገው ለገበያና ለጸሎት ቤት ነው። ማሳ ስንገባ እናወልቃለን። ይህ የተገላቢጦሽ ነው፤ አፈሩ ያለው ማሳው ላይ ነው። በረባሶና ነጠላ ጫማ ክፍት ስለሆኑ አፈር ያስገባሉ፤ የተዘጋ ጫማ ይሻላል። አንድ አባት ከኋላ ተቀምጠው «ጭቃ ላይ ጫማ ይይዘኛል፣ በሬው ጥሎኝ ይሄዳል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በክረምት ያስቸግራል። ቦት ጫማ ያለው እሱን ያድርግ። የሌለው ደግሞ ከማሳ እንደተመለሰ ወዲያው እግሩን በውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ በጣቶቹ መካከልም ያድርቅ። ማታ ማታ እግሩ የሚያቃጥለው፣ አብጦ ውሎ ጠዋት የሚጎድልለት ወጣት ካለ ያ መነሻው ነውና አይደብቅ። ገና ሳይጠና ከተያዘ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የቆየበት ሰውም ተስፋ የለውም አይባልም። በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በጨርቅ ማሰር እብጠቱን ይቀንሰዋል፤ ሽታውና ቁስሉም ይጠፋል። መደበኛ ጫማ ለማይገባላቸው ሰዎች ሰፊ ጫማ የሚሰፉ ባለሙያዎችም በሶዶ ሠልጥነዋል።

ይህን ሁሉ ለዚያች እህታችን ካስረዳኋት በኋላ «ለልጁስ ከመቼ ጀምሮ ነው ጫማው?» አለችኝ። ቆሞ መራመድ ሲጀምር፣ ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ እስከዚያም መሬት ላይ ምንጣፍ ሳይነጠፍ አይቀመጥ አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። «ሊወለድ 2 ወር ይቀረዋል፤ ሊቆም ደግሞ ዓመት። እንግዲያው በመጀመሪያ የአማቴን ጫማ አሰፋለሁ» አለች።