ደላላው ብር ከጠየቀ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምሠራ ነርስ ነኝ። አንድ ደላላ ከፍዬው እንግሊዝ ሆስፒታል ሊያስቀጥረኝ ነው። ኢትዮጵያ «ቀይ ዝርዝር» ውስጥ ናት ይባላል፤ ልመነው?

መልስ፦ እንዳያምኑት። የብሪታንያው የጤና አገልግሎት ኤንኤችኤስ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም ጀምሮ ከውጭ በመጡ ነርሶችና ሐኪሞች ትከሻ ላይ የቆመ ነው፤ ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ ከአምስት ሠራተኞቹ አንዱ ገደማ የውጭ ዜጋ ነው። ሆኖም ቀይ ዝርዝር ውስጥ ካሉ አገሮች አሠሪም ሆነ ኤጀንሲ ሄዶ እንዳይመለምል የመንግሥቱ መመሪያ ይከለክላል። ኢትዮጵያም አለችበት፤ ለራሷም ነርስ አልተረፋትምና ተገቢ ነው እላለሁ።

እርስዎ ማስታወቂያ አይተው በቀጥታ ቢያመለክቱ ግን የሚከለክልዎ የለም። የሚጠብቅዎት የእንግሊዝኛ ፈተና፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና፣ እንግሊዝ ሲደርሱ ደግሞ የተግባር ፈተና ነው፤ በዚህኛው እጅ መታጠብ እንኳ ይታያል።

ለማስቀጠር ብሎ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ መቀበል በብሪታንያ ሕግ ክልክል ነው። ብርዎን ለፈተናው ያውሉት።