የጭነት መኪና ቆሞ ሳለ ሞተሩ የማይጠፋበት ምክንያት

በገበያ ቀን የጭነት መኪና ከመንደር ሲደርስ፥ ነጂው ወርዶ ጉዳዩን ሲፈጽም ሞተሩ እያጓራ ይቈያል። ልጆችም ይህን አይተው «ስለ ምን አያጠፋውም?» ብለው መምህራቸውን ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነውና መልሱን ከነምክንያቱ ማወቅ ይገባል።

አስቀድመን የሞተሩን ጠባይ እንመልከት። በናፍጣ የሚሠራውን ሞተር ያወጣው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓ. ም. አውግስቡርግ በተባለ ከተማ ተፈትኖ መልካም ሆኖ ተገኘ። የቤንዚን ሞተር እሳቱን ከካንዴላ ብልጭታ ያገኛል። የናፍጣው ሞተር ግን አየሩን ከ15 እስከ 20 እጅ ያህል አሳንሶ ይጨምቀዋል፤ አየሩም ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ላይ ሲረጭ ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ሲሠሩበት እንደሚሞቅ በእጅ ዳስሶ ይህን መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ብርድ የዚህ ሞተር ጠላት ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፥ የቀዘቀዘው ብረት የአየሩን ሙቀት ይወስድበታልና ሞተሩ በቶሎ አይነሣም። ባትሪውም የደከመ እንደ ሆነ ነጂው «ካጠፋሁት ተመልሶ አይነሣልኝም» ብሎ ይፈራል።

ሌላም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፥ የትልቅ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው፤ አየሩን የሚሞላውም ሞተሩ ነውና መለኪያው ሳይሞላ መንቀሳቀስ አደጋ ነው። ሁለተኛ፥ ቱርቦ የተባለው መንኰራኵር በጢሱ ኃይል እጅግ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ መኪናው ዳገት ወጥቶ እንደ ጋለ ሞተሩ በድንገት ቢጠፋ ቅባቱ መዘዋወሩን ትቶ በሙቀቱ ያርራል። ስለዚህ ነጂው ሚኒሞ በሚሉት በዝግታው ዙር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቢያቈየው ትክክል ነው።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የደቂቃ እንጂ የሰዓት ምክንያቶች አይደሉም፤ ከዚያ የሚያልፈው ከቀደሙት ነጂዎች የተወረሰ ልማድ ነው። ትልቅ መኪና ቆሞ በአንድ ሰዓት 3 ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈጃል። ሞተሩም በሚገባ ስለማይግል ናፍጣው ፈጽሞ አይነድም፤ ጥላሸት ያበጃል፥ ቅባቱንም ያቀጥናል። ከሁሉ የሚከፋው ጢሱ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ. ም. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ጢስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታወቀ። ጢሱን አብዝቶ የሚተነፍሰውም ነጂው ራሱና በመኪናው ዙሪያ የሚሰበሰቡት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ መምህራን ልጆች ከጢስ ማውጫው አጠገብ እንዳይቆሙ ያስተምሩ። ሽማግሌዎችም ነጂውን ሳይቈጡ «ልጄ ሆይ፥ ሞተሩ ዐርፎ እንደ ሆነ እባክህ አጥፋልን» ይበሉት። ምክንያቱን ዐውቆ ለሚጠይቀው ሰው ነጂው እሺ ማለት አይከብደውም።