ገላጭ ድርሰት፦ ያዩትን ከፍርድ መለየት

ተማሪዎች፣ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ከዚያም ማብራሪያውን ተከትላችሁ መልመጃውን ሥሩ።

ሀ. ምንባብ፦ ፍልፈል

ፍልፈል በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ከመሬት በታች ጉድጓድ እየሰረሰረ የሚኖር አነስተኛ አጥቢ እንስሳ ነው። ሰውነቱ ድቡልቡል፣ እግሩና ጅራቱ አጭር፣ ዐይኖቹም ደቃቃ ናቸው። የፊት ጥርሶቹ ከአፉ ወጣ ብለው ይታያሉ፤ አፈሩን የሚቆፍረውም በእነርሱ ነው። የቆፈረውን ወደ ላይ እየገፋ በሜዳው ላይ ይከምረዋል። ምግቡ የተክል ሥር ስለሆነ ድንች የተከለ ገበሬ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል።

ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደርን ጎበኘ። በዚያው አቆጣጠር በ1835 ለደምብያው ፍልፈል «የሚያብረቀርቅ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም አወጣለት። የሰበሰባቸው እንስሳትም በፍራንክፈርት ለሚገኘው የዜንከንበርግ ሙዚየም ተሰጡ።

በሙዚየም የሚቀመጥ የእንስሳ ቆዳ ቦታውና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይታሰርለታል። ወረቀቱ ከጠፋ ቆዳው ከየት እንደመጣ ራሱ ሊናገር አይችልም። ወረቀቱ ቢኖርም እንኳ እንስሳው እንዴት እንደኖረ ቆዳው አይነግረንም። ያንን የሚያውቅ በማሳው ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው ነው።

ለ. ማብራሪያ

«ፍልፈል ደቃቃ ዐይኖች አሉት» የሚለው ዐረፍተ ነገር የታየውን ይገልጻል። «ፍልፈል ዕውር ነው» የሚለው ግን ሳይመረምሩ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ዐይኖቹ ደቃቃ ቢሆኑም ያያሉና። ገላጭ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ፍርዱን ከማስቀደሙ በፊት ያየውን ይናገር።

ሁለት ነገሮችን ስናነጻጽር «ሲ-» የተሰኘውን ቅጥያ በግሡ መነሻ ላይ እንጨምራለን።
ምሳሌ፦ የአርጀንቲናው ትንሽ አርማዲሎ በጥፍሩ ሲቆፍር፣ ፍልፈል በጥርሱ ይቆፍራል።

ሐ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ሦስት ቅጽሎችን አውጥታችሁ በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
2. «ፍልፈል አጥፊ ነው» የሚለውን ፍርድ የታየውን ብቻ ወደሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ለውጡ።
3. በምሳሌው መሠረት ሁለት የአካባቢያችሁን እንስሳት አነጻጽሩ።
4. በጋይንት፣ በእስቴ፣ በስማዳ ወገዳ ወይም በምትኖሩበት ስፍራ አንድ እንስሳ ሳትይዙና ሳትጎዱ ተመልክታችሁ፣ ቦታውንና ቀኑን በመጥቀስ በ8 ዐረፍተ ነገሮች ግለጹ። ያላያችሁትን አትጨምሩ።