ልጆቻችንና የእንጨት ጡቦች



ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ ከባድ ከባድ ጉዳዮች በሚነሱበት በዚህ ገጽ ላይ እኔ ስለ ቁራጭ እንጨት ልጽፍ መነሳቴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። ይሁንና ጉዳዩ የገዛ ልጄን የበደልኩበት ስለሆነ፣ እንደኔ የሚሳሳት ወላጅም በየቤቱ አይጠፋም ብዬ ስለምገምት ዝም ማለቱን አልወደድኩትም።

ልጄ 4 ዓመት ሲሞላት ከሰፈራችን ብዙም ወደማይርቅ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አስገባናት። ክፍያው ለእኛ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን «ልጆቹ ዓመቱ ሳያልቅ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ» ስለተባልን ከሌላው ወጪያችን ቀንሰን ከፈልን። በሁለተኛው ወር መምህርቷ አስጠራችኝና «ልጅዎ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ እርሳስ በደንብ አትጨብጥም፣ መስመርም አትጠብቅም፤ ቤት ውስጥ ያስጠኗት» አለችኝ። እኔም አስጠናኋት። እንዴት እንዳስጠናኋት ስናገር አላህ ይቅር ይበለኝ። ከመግሪብ በኋላ አንድ ገጽ «ሀ»፣ አንድ ገጽ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል አስጽፋታለሁ፤ ስትሳሳት ጣቷን በማስመሪያ እመታለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብተር ሲወጣ ማልቀስ ጀመረች። ቆይታ ደግሞ ማልቀሱንም ተወችና ዝም አለች። ያ ዝምታ ከልቅሶው ይልቅ አስፈራኝ።

በዚያው ሰሞን የበራችንን መቃን ሊቀይር አንድ አናጢ መጥቶ ሲሠራ ዋለ። ሲሄድም ጥቂት የሞራሌ ቁርጥራጮች ግቢው ውስጥ ቀሩ። ለዒድ የገዛሁላት መብራት የሚያበራ የፕላስቲክ መኪና ባትሪው አልቆ ከአልጋ ሥር ተጥሎ ነበር። ልጅቱ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ እየተሸከመች አስገባችና ምንጣፉ ላይ ክብ አድርጋ ደረደረቻቸው። ምን እንደሆነ ብጠይቃት «የአያቴ ቤት አጥር» አለችኝ። ለብቻዋ ስለቆመችው እንጨት ስጠይቃት ደግሞ «በሩ ነው። ፍየሏ እንዳትወጣ ዘጋሁት፤ አያቴ ሲመጡ ግን ይከፈታል» አለች። በዚያ ወር ከአንደበቷ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር።

ነገሩ ስላስገረመኝ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ ሕፃናትን በእንጨት ጡብ ማጫወት ትምህርት ነው ብሎ ሥርዓት ያወጣለት ሰው የኖረው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ፍሪድሪክ ፍሮብል የተባለው ጀርመናዊ መምህር በ1837 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የሕፃናት ማቆያ ከፈተ፤ በ1840ም «የልጆች አትክልት ቦታ» የሚል ትርጉም ያለውን ኪንደርጋርተን የሚለውን ስም አወጣለት። ዛሬ በየመንደራችን «ኬጂ» እያልን የምንጠራው ይህንኑ ነው። ፍሮብል ለልጆች ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች አንዱ በ8 እኩል ትናንሽ ኩቦች የተከፈለ አንድ የእንጨት ኩብ ነበር። ልጁ ሙሉውን ያያል፣ ይበትነዋል፣ መልሶም ይገጥመዋል። ከፊደል በፊት ሙሉና ክፋይ የሚባለውን ነገር በእጁ ያውቀዋል ማለት ነው። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 እነዚህን ማቆያዎች ዘግቷቸው ነበር፤ ፍሮብልም በተከታዩ ዓመት ሞተ፤ እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። በሌላ አነጋገር ኬጂ የሚለውን ስም የወረስነው ልጅ በጨዋታ ይማራል ካለ ሰው ሲሆን፣ እኛ ግን ስሙን ይዘን ጨዋታውን ጥለነዋል።

ዛሬ በብዙ አገር መዋዕለ ሕፃናት የሚታየውን የጡብ ዓይነት የነደፈችው ደግሞ በ1914 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ትምህርት ቤት የመሠረተችው አሜሪካዊቷ ካሮላይን ፕራት ናት። የሥራዋ ምስጢር ልኩ ላይ ነው። ውፍረቱ 1 ቢሆን ስፋቱ 2፣ ርዝመቱ ደግሞ 4 ይሆናል። በሴንቲ ሜትር ብናሰላው ወደ 3 ከግማሽ፣ 7 እና 14 ይመጣል። ግማሹ ጡብ 7 በ7 የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ ድርቡ 28 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ 56 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ልጅ ረጅሙ ጡብ ሲያልቅባት በሁለት አጫጭሮች ትተካዋለች። ሁለት ግማሽ አንድ መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ ግንቡ ራሱ ነገራት። እኔ በማስመሪያ ላስገባው የታገልኩት ሒሳብ በዚህ መንገድ ሲገባ አየሁ።

ልጆች በጡብ ሲጫወቱ የሚያልፉበት መንገድም የታወቀ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በአመዛኙ ይሸከማል፣ ያጋጫል፣ ይጥላል፤ ይህ ለእርሱ ክብደትን ማወቂያ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን ሦስት አራት ይደራርባል፤ በሁለት ዓመቱ እስከ 6 ይደርሳል። በሦስት ዓመቱ ሁለቱን አራርቆ በላያቸው ሦስተኛውን በመጫን ድልድይ ይሠራል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ክፍተቱ ከጡቡ እንዳይበልጥ በዓይኑ መለካት አለበት። ከዚያ በኋላ አጥር፣ ቤት፣ መስጊድ ከነሚናራው እያለ ስም ማውጣት ይመጣል። ስም ከወጣ ደግሞ ወሬ አለ፤ ወሬ ካለ ቋንቋ ያድጋል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር በጥናት የሞከሩትም አሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ለሆኑ ልጆች ጡብ በየቤታቸው ሰጥቶ፣ ካልተሰጣቸው ጋር ከስድስት ወር በኋላ አወዳድሯቸዋል። የተሰጣቸው ልጆች በቋንቋ ልቀው ተገኝተዋል፤ ትኩረትን በተመለከተ ግን ልዩነት አልታየም። ገንዘቡን ያወጣው ጡብ አምራች ኩባንያ መሆኑንና ጡቦቹም የፕላስቲክ እንደነበሩ ሳልናገር ባልፍ እምነት ማጉደል ይሆንብኛል። ስለዚህ ጡብ ልጅን ሊቅ ያደርጋል አልልም።

«ልጅን በጨዋታ ማባከን ምንድን ነው? ይልቅ ቁርኣን ትቅራ» ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ። ቁርኣኗን ትቀራለች፤ አንዱ ሌላውን አይከለክለውም። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ሳለች በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበርና ጓደኞቿም እየመጡ አብረዋት ይጫወቱ እንደነበር በቡኻሪ ሐዲስ ተዘግቧል። እኛ ከየት አምጥተን ነው በ4 ዓመት ልጅ ላይ የምንጠብቀው?

ወደ ሥራው ልመለስና፣ በከተማው ሱቆች ያየሁት የውጭ ጡብ ዋጋው የሚቀመስ ስላልነበር ወደዚያው አናጢ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ልኩን በወረቀት አሳየኋቸው። «ልጄ፣ ይህ ለምንህ ነው?» አሉኝ። «አባባ፣ ለልጄ መጫወቻ ነው» ስላቸው ሳቁና ከዋንዛ ትርፍራፊ ቆርጠው ሰጡኝ። ያን ጊዜ በዓይን ግምት ነበር የቆረጡት። ልጅቱ አምስተኛውን ስትደርብ ግንቡ ዘመመ፤ ደጋግማ ሞክራ ተወችው። ልኩ አንድ ካልሆነ ልጅ ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል። ይህንን ስነግራቸው ሳቁን ትተው «እንግዲያማ ሥራ ነው» አሉና መቁረጫው ላይ ማቆሚያ ቸንክረው ሁሉንም እንደ አዲስ ቆረጡልኝ። 24 ሙሉ፣ 16 ግማሽ፣ 8 ድርብ፣ 4 ትልልቅ፣ 8 ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ በጠቅላላው 60 ሆኑ።

ማሠራት ለምትፈልጉ፣ ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት መለስለስ አለበት፤ ስንጥር እጅ ይወጋል። በደንብ የደረቀ እንጨት ይሁን፤ እርጥቡ ይጣመማል። ሕፃናት ወደ አፋቸው ስለሚያስገቡት ቀለም አታስቀቡት፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ያለበት ቀለም የልጅን አእምሮ ይጎዳል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባለበት ቤት ከ4 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቁራጭ አይኑር፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ ውኃ ውስጥ አይነከር።

የወላጁን ጠባይ በተመለከተ ከራሴ ስህተት አንዲት ነገር ላክል። መጀመሪያ ላይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» እያልኩ እኔው እገነባ ነበር። ማስመሪያው ተቀየረ እንጂ ጠባዬ አልተቀየረም ነበር ማለት ነው። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ትጫወት ወይስ አንተ?» ብላ ከቦታው አስነሳችኝ። አሁን ስትጠራኝ እቀመጣለሁ፤ «ይህ ከዚያ ይረዝማል»፣ «ይህ በድልድዩ ሥር ያልፋል» እያልኩ ያየሁትን እናገራለሁ። ሲፈርስባት አልደግፍላትም።

መዋዕለ ሕፃናቱን አልቀየርንም። መምህርቷንም አልወቅሳትም፤ በአንድ ክፍል ያጨቁባትን ልጆች ብዛት አይቻለሁ፤ ደብተር ሳይሞላ ሲቀር የምንቆጣውም እኛው ወላጆች ነን። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ የመዋዕለ ሕፃናት ትኩረት የልጁ ሁለንተናዊ እድገት እንዲሆን አስቀምጦ ነበር። በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቼ ለየክፍሉ አንድ ሣጥን ጡብ እናሠራ ብዬ ጠየቅሁ። ሦስት ወላጆች ደገፉኝ፤ አንዱ «ለመጫወቱማ ቤቱም ይበቃት ነበር» አለ፤ ርዕሰ መምህሩም «እናስብበታለን» አሉ። እየጠበቅን ነው።

ልጄ ዛሬም «ለ»ን አልፎ አልፎ ገልብጣ ትጽፋለች። ደብተር ሲወጣ ግን አታለቅስም፤ ማስመሪያውንም ለግንብ መሰላል ወስዳዋለች። ሣጥኑ ከአልጋዋ ሥር ነው። ከ60ዎቹ ጡቦች 3ቱን ታናሽ ወንድሟ የት እንዳደረሳቸው እስካሁን አልታወቀም።

ወሰላሙ ዓለይኩም።